ማዳበሪያ የተሞላው ባይኖኩላር

ሻጩ ልጅ ሩቁን አቅርበው የሚያሳዩ ሦስት ባይኖኩላሮች ከመስታወት ሣጥኑ አውጥቶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደረልኝ። እኔ አንደኛውን አነሣሁና፣ ዓይኔ ላይ በማድረግ ፈንታ፣ ከነቦርሳው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አዲስ ጎማ ይሸታል። ማንጎ አይሸትም። ትንሽ ቅር አለኝ።

«ውሃ ይገኛል?» አልኩት።

ጨዋ ልጅ ነው፤ ወዲያው የታሸገ ውሃ ከፍቶ በብርጭቆ ቀዳልኝ።

«ለእኔ አይደለም። ለዚህ ነው። ከመግዛቴ በፊት ላጥበው ፈልጌ ነው።»

ባይኖኩላሩን ከእጄ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አቀፈው። «እትዬ፣ የዚህን ዋጋ ነግሬዎታለሁ አይደል?» አለኝ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

ነግሮኛል። አልፈረድኩበትም። እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ልክ እንደሱ አንድ ባይኖኩላር አቅፌ ስድስት ቀን ሙሉ ተንቀጥቅጫለሁ። ያኔም የፈራሁት ይህንኑ ውሃ ነበር።

ባይኖኩላሩ የቲቸር የሺ ነበር። ሙሉ ስማቸው የሺመቤት ነው፤ ነገር ግን ከተማው ውስጥ ሰላሳ ዓመት ባዮሎጂ ስላስተማሩ፣ ከዳቦ ቤቱ ባለቤት እስከ ባጃጅ ነጂው ድረስ ያላስተማሩት ሰው ስለሌለ፣ ለሁሉም «ቲቸር» ናቸው። የተወለዱት ደብረ ማርቆስ ነው። ባልም ልጅም የላቸውም። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ስወለድ እዚያው ነበሩ፤ ኪራይ የሚባል ነገር መኖሩን እስካውቅ ድረስ ከግቢው ጋር አብረው የተሠሩ ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ጡረታ ወጡ። ክረምቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ቲቸር አገራቸው ሊገቡ ነው የሚል ብቻ ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ አያሌው በየእሑዱ ይደውላሉ። ቲቸር ስልክ ሲያወሩ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ስለሚያስቀምጡት፣ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«እታለም፣ ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀብቼልሻለሁ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዝናቡ ይለፍ።»

«ዝናቡ አለፈ።»

«እንግዲያው መስቀል ይለፍ።»

እናቴ ይህን ሰምታ «ሰው ወደ ዘመዱ መግባት አለበት፣ እውነቱን ነው» ትላለች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማኛል። እኔ ግን በግልጽ ነበር የማለቅሰው። ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የቢራቢሮ እግር ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሄዱ በኋላ በዚያች ክፍል ሌላ ተከራይ ሲገባ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ፣ ያንን የማላውቀውን ሰው ከወዲሁ እጠላው ነበር።

ነገሩን የለወጠው የድሮ ተማሪዎቻቸው ስጦታ ነው። ተሰባስበው ሊሸልሟቸው ፈልገው ምን እንደሚሹ ጠየቋቸው። ሰው ሁሉ ጋቢ ወይም የግድግዳ ሰዓት ይላሉ ብሎ ሲጠብቅ፣ «ባይኖኩላር፣ ደህናውን። ግን የምመርጠው ራሴ ነኝ» አሉ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ወፍ ሲያስተምሩ አንድ ጊዜ እንኳ የራሳቸው ባይኖኩላር ኖሯቸው አያውቅም። ከቱሪስት እየተዋሱ፣ አንድ ደቂቃ አይተው «አመሰግናለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር።

ስጦታውን እንዲያመጣ የተወከለው ደረጀ ነበር፤ አስጎብኚ ነው። ተማሪ ሳለ እንቁራሪት በኪሱ ይዞ ክፍል ገብቶ፣ ቲቸር እሱን አስወጥተው እንቁራሪቷን ያስቀሯት ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ባይኖኩላር አምጥቶ የቲቸርን በረንዳ ላይ አስቀመጠ። ያልተመረጠው ይመለሳል። ትልቁ ላይ አሥራ ሁለት በሃምሳ፣ ትንሹ ላይ ስምንት በአርባ ሁለት ተጽፏል። አርባ ሁለት የአባቴ የጫማ ቁጥር ስለሆነ ትንሹ ለአባቴ የመጣ መሰለኝና በጣም ደስ አለኝ።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እያየ አስተያየት ይሰጣል። ሁሉም ትልቁን አለ። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርብ እያለ ስምንት ጊዜ የሚያቀርበውን የሚወስድ ምን የነካው ነው! ቲቸር ግን የማንንም ቃል ሳይቀበሉ በራሳቸው መንገድ ፈተና አወጡ።

መጀመሪያ የዓይን መነጽራቸውን ሳያወልቁ አዩበት። ዓይን የሚያርፍበት የባይኖኩላሩ ጎማ እየተሽከረከረ ዝቅ ይላል፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ነው። በትልቁ ሲያዩ «በቁልፍ ቀዳዳ ሰው ቤት እንደማየት ነው» አሉ። በትንሹ ግን ሙሉውን አዩ። ቀጥሎ አጥር ላይ ወደቆመች አንዲት ነጭ ወፍ አነጣጠሩ። በትልቁ ሲታይ በወፏ ዙሪያ ቀጭን ወይን ጠጅ መስመር አለ። ለእናቴም አሳዩዋት።

«ነጭ ወፍ ወይን ጠጅ ጥለት አይለብስም፤ መስታወቱ ነው የሚዋሸው» አሉ ቲቸር።

እናቴ የዶርዜ ልጅ ናት፤ አባቷም ወንድሞቿም ሸማኔዎች ናቸው፣ እሷ ደግሞ ቁጭ ባለች ቁጥር ጥጥ ትፈትላለች። ረጅም ጊዜ አየችና «እኔስ ጥለት ያለውን ነው የምመርጥ» አለች። ቲቸር እስኪያነቡ ሳቁ።

የመጨረሻው ፈተና በአባቴ ጀልባ ላይ ነበር። አባቴ አባያ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል፤ አንዳንዴ ዓሣ አጥማጆችን፣ አንዳንዴ እንግዶችን ያመላልሳል። ጀልባው ሲንቀሳቀስ በትልቁ ያየነው ሁሉ ዘለለ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አሥራ ሁለት ጊዜ ያበዛል። በትንሹ ግን ጉማሬዋ ጆሮዋን ስታራግፍ የተረጨው ጠብታ ሳይቀር ይታያል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ በዓይናችን የጠቆረው ሸምበቆ በትንሹ ውስጥ ገና ቀን ነበር። ቲቸር ከዓይናቸው አውርደው እቅፋቸው ውስጥ አስቀመጡትና፣ «በቃ፣ ይሄ የእኔ ነው» አሉ። እንደዚያ ሲሉ ድምፃቸው ልክ እንደ እኔ የልጅ ድምፅ ነበር።

እኔ በበኩሌ በዚያን ዕለት አዞ በባይኖኩላር ለማየት እንቢ አልኩ። «ያቀርባል» ሲሉ ስለሰማሁ፣ ካየሁት ይቀርባል ብዬ ነው።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር፤ መዘዝ ያመጣብኝም እሱ ነው። ደረጀ የመመሪያውን ወረቀት እያነበበ «ቲቸር፣ ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ ነው ይላል» አለ። ቲቸር «አውቃለሁ» ብለው አለፉት። እኔም አውቃለሁ! ምዕራብ አባያ አጎቴ የሙዝ ማሳ አለው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ ስለ ማዳበሪያ ሲያስረዳ፣ ከረጢቱን መታ መታ እያደረገ «ናይትሮጅን ያለው እዚህ ውስጥ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ነው። ዝናብ ሲያስገመግም አጎቴ «ማዳበሪያው! ይሟሟል!» እያለ ሲጮህ፣ እኛ ልጆቹ ሁላችን ተረባርበን ከረጢቱን ወደ ቤት እንጎትት ነበር። እንግዲህ ባይኖኩላሩ የከበደው በማዳበሪያ ስለተሞላ መሆኑ ነው። ለምን እንደሚያቀርብም ገባኝ፤ ማዳበሪያ ሁሉን ነገር ያሳድጋል።

ከመስቀል በኋላ ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ይዘው አባያ መውረድ ጀመሩ። ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ ረጅም ግራር ላይ፣ ዓሣ እያጠመደ የሚበላው ነጭ ራስ ንስር ጎጆ ሠርቷል። ጎጆው ውስጥ አንድ ጫጩት አለ። በባዶ ዓይን የጭራሮ ክምር ነው፤ በባይኖኩላሩ ግን አስቀያሚ፣ ቡናማ፣ ሁልጊዜ የሚቆጣ ሕፃን ነው። ስንሄድ ስንመለስ ስለሱ ነበር የምናወራው።

እሑድ አቶ አያሌው ሲደውሉ ቲቸር አዲስ መልስ አገኙ። «ይሄ ጫጩት ሳይበር የትም አልሄድም።»

«ከበረረስ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ የማየው አይጠፋም» አሉና ወደ እኔ በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ። ያን ቀን ገባኝ። ቲቸርን እኛ ዘንድ ያቆየው ያ ባይኖኩላር ነው። እሱ እስካለ ድረስ አይሄዱም።

ኅዳር ሲገባ ቲቸር ወባ ታመሙ። ጤና ጣቢያ ሄደው ኪኒን ተሰጥቷቸው መጡ። ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ ሽፈራው የሚሉትን የሃለኮ ቅጠል ቀቅላ መረቁን በማንኪያ ታጠጣቸዋለች፤ የወንጌል አማኝ ናትና አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጸልይላቸዋለች። ቲቸር ኦርቶዶክስ ቢሆኑም እሷ ስትጨርስ «አሜን» ይላሉ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ጫጩቱስ... በረረ እንዴ?» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለትኩሳቱ አላውቅም።

መልስ ላመጣላቸው ፈለግኩ። ሌላ ምንም ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ባይኖኩላሩ ከነቦርሳው ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩትና ወደ አባያ ሮጥኩ።

አባቴ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቆሞ የተቀደደ መረብ እያየ ይከራከራል። እኔ የታሰረችው ጀልባ ውስጥ ገብቼ ጫፏ ላይ ተቀመጥኩ። ማሰሪያውን አንገቴ ላይ አላደረግኩትም፤ ይከረክረኛል። ጎጆውን አገኘሁት። ጫጩቱ ጎጆው አፋፍ ላይ ቆሟል። ክንፉን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተና ዘለለ፤ አየር ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳግዶ ቀጥሎ ያለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ!

እኔም አጨበጨብኩ። ጭብጨባ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ባይኖኩላሩ ጭኔን መታና ጥልቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፤ ከአንድ ስንዝር በታች የገባ ነገር አይታይም። የታየኝ የማሰሪያው ጫፍ ብቻ ነው፤ ከጀልባዋ ገመድ ጋር ተጠላልፎ ቀርቷል። አባቴ እጅ ውሃው ውስጥ እንዳንነክር ስንቴ ነግሮናል፤ «አዞ ደብዳቤ ጽፎ አይመጣም» ይላል። እኔ ግን በሆዴ ተኝቼ እጄን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩት። ማሰሪያውን ያዝኩ። ስጎትተው ከነጭቃው ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ያን እጄን ያስቀረልኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አመሰግነዋለሁም።

ወዲያው በቀሚሴ ጠራረግኩት። መስታወቱንም ጭምር፣ በኃይል። ከዚያ ዓይኔ ላይ አደረግኩት። ግራርም፣ ጎጆም፣ ሰማይም የለም፤ ሁሉም ቀይ ጉም ነው። ማዳበሪያው ሟምቷል።

ቤት ስደርስ ቲቸር ተኝተዋል። ባዶውን ቦርሳ ምስማሩ ላይ ብሰቅለው ጠፍጣፋ ሆኖ ያስታውቃል። ከጓሮ ሁለት ጥሬ ማንጎ ቀጠፍኩና ከተትኩበት። ልክ ሆነ። ከሩቅ ሲያዩት ባይኖኩላር ነው።

ባይኖኩላሩን ደግሞ ወደ እናቴ የጥጥ ቅርጫት ወሰድኩት። እናቴ «ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ እርጥብ ቦታ አታስቀምጡብኝ» ስትል ስለምሰማ፣ እንግዲህ ይጠጣ አልኩ። ውሃው ቶሎ ከወጣ የተረፈ ማዳበሪያ ይኖራል። በባዘቶ ጠቅልዬ ቅርጫቱ ሥር ቀበርኩት። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት እየከፈትኩ፣ የቀላውን ጥጥ አውጥቼ በአዲስ እተካለሁ፤ የወጣውን ከአልጋዬ ሥር እወረውራለሁ። እጄን ቅርጫቱ ላይ ጭኜም እጸልያለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ማዳበሪያውን አድርቀው። ባታደርቀውም ቲቸርን አታስኪዳቸው።» በዚያ ሳምንት እንደጸለይኩት ዕድሜ ልኬን አልጸለይኩም።

ዓርብ ዕለት እናቴ ጓዳ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች። እጇ ላይ ከአልጋዬ ሥር የወጣ ቀይ ጥጥ አለ።

«ና ማርታ፣ ቁጭ በል» አለች። ስትደነግጥ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከማክሰኞ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

አቀፈችኝ። ትቆጣለች ስል አቀፈችኝ! «አይፈራም። በእኔም ደርሷል» አለች።

«ባንቺም?»

«በሴት ሁሉ ይደርሳል።»

ተገረምኩ። ሴት ሁሉ ባይኖኩላር ውሃ ውስጥ ትጥላለች ማለት ነው? «ለአባዬ ትነግሪዋለሽ?» አልኳት።

«ይሄ ለአባት አይነገርም» አለች። ያን ቀን ውሃ አላስቀዳችኝም። በበቆሎ ዱቄትና በሃለኮ ኩርኩፋ ሠርታ የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለስላሳ ጨርቅም ቆርጣ «ለሚቀጥለው ጊዜ» ብላ ትራሴ ሥር አኖረች። ለሚቀጥለው ጊዜ! እኔ ሁለተኛ አልጥልም ብዬ እየማልኩ እሷ ለሚቀጥለው ታዘጋጃለች። እናቴን እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም፤ ነገሩ የገባኝ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የቲቸር ትኩሳት እየበረደ መጣ። እሑድ ጠዋት ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ ደስ ይበለኝ ወይ ልፍራ ግራ ገብቶኝ ሳለ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ኮት ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሽማግሌ ቆመዋል። አቶ አያሌው ነበሩ። የእኅታቸውን መታመም ሰምተው፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው መጥተዋል።

«እታለም፣ በዚህ በወባ አገር ማን አለሽ?» አሉ፣ አልጋው ላይ ተደፍተው እየሳሟቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ነገ ጠዋት ይዤሽ ነው የምሄደው። እንቢ የሚል ቃል አልሰማም።»

ቲቸር ድሮ ቢሆን ዝናብ፣ መስቀል፣ ጫጩት ይሉ ነበር። አሁን ግን ከስተው፣ ደክመው፣ እጃቸውን አዩ። ከዚያ «እስቲ ባይኖኩላሬን አቀብለኝ፤ እያየሁበት ላስብ» አሉ።

አቶ አያሌው ቦርሳውን ከምስማሩ አወረዱ። አወረዱና አሸተቱ። «ምንድን ነው ይሄ? ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል።» ዚፑን ሲከፍቱት ስድስት ቀን ሙሉ ታፍነው የበሰሉ ሁለት ቢጫ ማንጎዎች ወጡ። የአንደኛው ጭማቂ ቦርሳው ውስጥ ፈሷል። ክፍሉ በሙሉ ማንጎ ማንጎ አለ።

ሁሉም ወደ ማንጎው ሲያዩ ቲቸር ብቻ ወደ እኔ አዩ። ሰላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው የት እንደሚያይ ያውቃል።

«ማርታዬ» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አባያን፣ ጭብጨባውን፣ ቀሚሴን፣ ጥጡን፣ ማዳበሪያው መሟሟቱን። ከኋላ ወደ ፊት እየቀላቀልኩ ነገርኳቸው። በሩ ላይ ቆማ የምትሰማው እናቴ «ጥጡ... የባይኖኩላሩ ነው እንዴ?» ብላ አፏን ያዘች። መጨረሻ ላይ መናገር የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አይሂዱ» አልኳቸው።

ቲቸር ጎንበስ አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጫጩቱስ? በረረ?» አሉኝ።

«ከጎጆው ወደ ቅርንጫፉ ዘለለ።»

«አየሽው?»

«አየሁት። ከዚያ ነው ያጨበጨብኩት።»

«በሁለት እጅሽ?»

«አዎ።»

ሳቃቸው እንደ ሳል ጀመረና አላቆም አላቸው። «ሂጂ አምጪው» አሉ።

ቅርጫቱን እንዳለ ተሸክሜ መጣሁ። ባይኖኩላሩ በግ ይመስላል፤ በየጎድጓዳው የደረቀ ቀይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ደግሞ ነጭ ጥጥ ተለጣጥፎበታል። አቶ አያሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ቲቸር የእናቴን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ፤ ግቢው መሐል ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ባይኖኩላሩንም ከሥሩ ያዙት።

ጮህኩ። አቶ አያሌውም ጮሁ። እናቴ እጃቸውን ልትይዝ ዘለለች። ውሃው መስታወቱ ላይ እየተረጨ ጭቃው እንደ በርበሬ ወጥ ወረደ፣ ጥጡም ተከተለው።

«ማዳበሪያው!» አልኩ።

«ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለ ነገር ነው። ማዳበሪያውም የሚሠራው ከእሱ ነው፤ እዚህ ውስጥ ያለው ግን ጋዝ ብቻ ነው። ውሃ እንዳይገባና በውስጡ ጉም እንዳይሠራ ሞልተው ያሸጉታል። ይሄን የመረጥኩት ለዚህም ጭምር ነው። ወንዝ ቢገባ፣ ዝናብ ቢመታው ግድ የለውም» አሉ፣ እያገላበጡ እያጠቡት። ከዚያ ድንገት ፊታቸው ተቆጣ። «ግን በቀሚስሽ ጠረግሽው?»

«አዎ።»

«አሸዋ ያለበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ! ያስቆጣኝ ውሃው አይደለም፣ ቀሚስሽ ነው! መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ነው ጨርቅ!» አሉኝ፤ እኔ እየተቆጡኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ስድስት ቀን ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዶ ከጭቃው ጋር ሄደ።

አራግፈው፣ አድርቀው፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ወደ ማንጎው ዛፍ አነጣጠሩ፣ መሐል ያለውን መሽከርከሪያ አንዴ ዞር አደረጉ። «እንዳለ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ብርሃኑ አዙረው መረመሩት። ግራው መስታወት ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት ጭረት አለች። «ይቺ ያንቺ ፊርማ ናት» አሉኝ። በዚያች ጭረት አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ግን ትንሽም ኮራሁ።

ቲቸር ባይኖኩላሩን ለወንድማቸው አቀበሏቸው። «እስቲ እይ።»

«እኔ ምን አያለሁ እታለም?»

«ቅዳሜ ድረስ ቆይ። ካየህ በኋላ ከፈለግህ ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

እናቴ ዓርብ ዕለት ያዘጋጀችልኝን ለስላሳ ጨርቅ ከትራሴ ሥር መልሳ ወሰደች። ሳትስቅ ልትወስደው ሞከረች፣ አልቻለችም።

ቅዳሜ ሁላችንም አባያ ወረድን። አቶ አያሌው ኮታቸውን ሳያወልቁ ጀልባው ውስጥ ሁለቱንም ጠርዝ ይዘው ተቀመጡ። ግራሩ ሥር ስንደርስ ጎጆው ባዶ ነበር። ባይኖኩላሩን የያዙት አቶ አያሌው ነበሩና ሲፈልጉ፣ ሲፈልጉ ቆይተው፣ «ኧረ! ኧረ እታለም!» አሉ። ከውሃው በላይ፣ ገና ነጭ ራስ ያላወጣ ቡናማ ወጣት ንስር እየተንገዳገደ ይበራል። እናቱ ከላይ ትከተለዋለች። አቶ አያሌው አፋቸውን ከፍተው እያዩ ጀልባውን መያዝ ረሱ። ቲቸር ተራቸው ደርሶ እጃቸውን ሲዘረጉ «ቆይ፣ ቆይ እንጂ» አሏቸው። ቲቸር ወደ እኔ ዞረው በአንድ ዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ሰኞ ጠዋት አቶ አያሌው አንድ ዘለላ ሙዝና እናቴ የሰጠቻቸውን ቀይ የበርበሬ ዳጣ ብልቃጥ ይዘው ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሌላ ጎጆ ካገኘሽ ደውይልኝ» አሉ። «በረረ አልበረረም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከአውቶቡስ ጣቢያው ስንመለስ ቲቸር በረንዳቸው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ባይኖኩላሩን ከአንገታቸው አውጥተው አዩት። ቅዳሜ ዕለት የአቶ አያሌው ላብና የጀልባው ጭቃ ነክቶታል። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንድነካው ይፈቅዱልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዘረጉልኝ። «ቆሽሿል። ሂጂ እጠቢው» አሉ።

ማሰሪያውን አንገቴ ላይ አደረግኩና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።